ከርካሽ ጊታር የኤሌክትሪክ ክራር ማበጀት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት የብረት ዘንጎች) ያለቁ ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ፤ አሁን ግን የምጫወተው ክራር ነው። አንድ አናጺ የጊታሩን አንገት ቆርጦ በቀንበር (የክራር ክሮች በሚታሰሩበት አግድም እንጨት) ሊተካልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። ያዋጣኛል?

መልስ፦ አንገቱን አያስቆርጡ። ስድስቱ ክሮች በአንድነት ከ45 ኪሎ ግራም ባላነሰ ኃይል የሚስቡ ሲሆን፣ ይህን ጭነት እንዲሸከም ተብሎ የተሠራው በውስጡ ብረት የገባለት አንገት ነው። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር በራሱ ድምፅ ብቻ ስለሚመታ የፍሬቶቹ ማለቅ አያሳስብዎ።

ትልቁ ሥራ ያለው ክሩ ላይ ነው። የጊታሩን ክሮች እንዳሉ በትዝታ ሜጀር ቅኝት፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና በላይኛው ዶ ልቃኝ ቢሉ ወፍራሞቹ ከልክ በላይ ይወጠራሉ፣ ቀጭኖቹም ይረግባሉ። ስለዚህ አንድ ባለ 9 እና አንድ ባለ 10 የክር ፓኬት ይግዙ (ቁጥሩ የቀጭኑን ክር ውፍረት በኢንች ሺኛ ያመለክታል)። ከመጀመሪያው 32፣ 24 እና 16 ቁጥርን፣ ከሁለተኛው 26፣ 17 እና 13 ቁጥርን ወስደው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በቅደም ተከተል ይግጠሟቸው። 26 እና 17 ቁጥር በጊታር የነበራቸውን ድምፅ እንደያዙ ሬ እና ሶል ይሆናሉ፤ የላይኛው ዶ ደግሞ ከፒያኖ መካከለኛ ዶ ጋር እኩል ነው። ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል።

በመቃኛዎቹ በኩል ያለችው የፕላስቲክ መደገፊያ ቦዮቿ ለጊታር ክር የተለኩ በመሆናቸው 16 እና 13 ቁጥር ይጠብቧቸዋል። ሁለቱን ቦዮች በቀጭን ሞረድ ጥቂት ካላሰፏቸው ክሩ እየተያዘ ቅኝቱ አይረጋም። ወደ ታች ግን አይሞርዱ፤ ክሩ ከፍሬት ጋር ይንጫጫል።

ጊታር ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ ስለሌለው ድምፁ ሳይከስም ይቆያል፣ ይህም ለክራር ጆሮ እንግዳ ነው። ከብርኩማው (ገላው ላይ ክሮቹን ከሚደግፈው ክፍል) አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቀጭን የስፖንጅ ቁራጭ ቢሸጉጡ ይስተካከላል፤ እኔ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆርጬ ነው የተጠቀምኩት።

ድርድር (ክሮቹን አንድ በአንድ በጣት መምታት) ብዙም አያስቸግርዎትም። በግርፍ (ክሮቹን በአንድነት በመምታት) ጊዜ ግን በክራር ከክሮቹ ጀርባ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች የሚያፍኑት የግራ እጅ ጣቶች እዚህ አንገቱ ስለሚከለክላቸው ከፊት መምጣት አለባቸው። ክሩን በጣት ጫፍ ብቻ ነክተው ለማፈን ከሞከሩ፣ በተለይ በ12ኛው ፍሬት አካባቢ፣ የፉጨት ድምፅ ያወጣል፤ የጣትዎን ሆድ ዘርግተው ያሳርፉበት።