ከሞተሩ ስር ያለው ውሃ ከየት ነው የመጣው?

ለንደን የሚኖር አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል። «ጋሼ፣ ዘንድሮ 57 ጫማ ርዝመት ያላት ያገለገለች ናሮውቦት፣ ጠባብና ረጅም የካናል ጀልባ፣ ገዝቼ ግራንድ ዩኒየን ካናል ላይ እየኖርኩባት ነው። ከሞተሩ ስር ውሃ ይጠራቀማል። አውቶማቲክ ፓምፕ አላት፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳ ሲጠፋ ያድራል፤ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ይጠብቀኛል። ጎረቤቴ ትልቅ ፓምፕ ግዛ ይለኛል። ለገና ሦስት ሳምንት አገር ቤት ልሄድ ትኬት ቆርጫለሁ። እንዲሁ ትቻት ብሄድ ስመለስ አገኛታለሁ ወይ?»

ወንድሜ፣ ትልቅ ፓምፕ አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። ፓምፕ ውሃ ያወጣል እንጂ የሚገባበትን አይደፍንም። እንዲያውም ጥሩ ፓምፕ ያለው ሰው ነው ችግሩን ዘግይቶ የሚያውቀው። አንተ መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ ውሃው መቼ እንደሚገባ ነው። ሰዓቱን ካወቅክ ምንጩን ለማግኘት ብዙ አይቀርህም።

ከፓምፑ እንነሳ። ሲነሳ ሲጠፋ ማደሩ የግድ ብዙ ውሃ እየገባ ነው ማለት አይደለም። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ ይወርዳል፣ ተንሳፋፊውን ማብሪያ ያነሳዋል፣ ፓምፑም ይነሳና ያንኑ ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ይቆማል፣ ውሃው ደግሞ ይመለሳል። አንድ ጆግ የማይሞላ ውሃ ሲያመላልስ ያነጋል። ስለዚህ አንተ ጀልባው ላይ ባለህበት ሰዓት ፓምፑን አጥፋና ውሃው የደረሰበትን ቦታ በማርከር አስምር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሰህ እየው። ውሃው መስመሩ ላይ ከቆመ ችግርህ ማብሪያው ወይም ቱቦው ነው፤ ርካሽ ነገር ነው። መስመሩን ካለፈ ግን የምር ውሃ እየገባ ነው።

ቀጥሎ ሁሉንም አድርቅ። በስፖንጅና በባልዲ ቅዳው፣ የቀረውን በጨርቅ ጥረግ። ውሃው ላይ ናፍጣ ወይም ዘይት የሚንሳፈፍ ከሆነ ወደ ካናሉ እንዳትደፋው፣ በፓምፑም እንዳታስወጣው፤ በሕግ ያስጠይቃል። ዘይት የሚመጥ ፓድ የጀልባ ዕቃ የሚሸጡበት ሁሉ ታገኛለህ። ወለሉ ከደረቀ በኋላ ጋዜጣ ወይም ሶፍት አንጥፍበት። እርጥብ ወረቀት አይዋሽም፤ ጠብታው የት እንደወደቀ ያሳይሃል።

አሁን ሰዓቱን ተከታተል።

ዝናብ በዘነበ ቁጥር ብቻ ከሆነ ብዙም አትጨነቅ። ሞተሩን ከሚሸፍነው፣ ላዩ ላይ ከምትቆምበት የወለል ክዳን ስር፣ ጠርዙን ይዞ የሚሄድ የብረት ቦይ አለ፤ ውሃውን ሰብስቦ በትንንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይጥላል። በመከር ወቅት ቅጠል ይደፍነዋል። በሽቦ ወጋ ወጋ አድርገህ ክፈተው። በክረምት፣ ብርዱ ሲጠና፣ ደግሞ ብረቱ ራሱ ያልበዋል፤ ያ ጥቂት እርጥበት እንጂ ባልዲ የሚሞላ ነገር አይደለም።

ሞተሩን ባስነሳህ ቁጥር፣ ሲሞቅ የሚመጣ ከሆነ የሙቅ ውሃውን ታንከር ተመልከት። እሱ ውስጥ ያለው ውሃ በሞተሩ ነው የሚሞቀው። ሲሞቅ ይሰፋል፣ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩም ትንሽ ይለቃል። ብዙ ጀልባ ላይ ያ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው እዚያው ሞተሩ ስር ተለቆ ታየዋለህ። ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ከተህ እየው። ቧንቧ ሳይከፈት ወደ ቧንቧ ውሃ የሚገፋው ሌላው ፓምፕ ትርር ብሎ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቱቦ ያፈሳል ማለት ነው፤ የምታጣው የካናሉን ውሃ ሳይሆን የራስህን የመጠጥ ውሃ ነው። ውሃው ቀለም ካለው፣ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ከመሰለ፣ አንቲፍሪዝ፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው፣ ነው። አብዛኛው ናሮውቦት ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የጎን ላሜራው ላይ በተበየደ ዝግ ታንከር ነው፤ ከካናሉ ውሃ አይስብም። እንግዲህ የሞተሩ ውሃ ከቀነሰ የት እንደሄደ አወቅክ።

እየነዳህ ብቻ ውሃ የሚገባ ከሆነ ግን እዚያው አቁም። ይሄን እንደ ቀልድ አትየው። ከፕሮፔለሩ በላይ ዊድ ሃች የሚባል ክዳን ያለው ሳጥን አለ፤ ላስቲክ ወይም ገመድ ሲጠመጠም እጅህን አስገብተህ የምትፈታበት ነው። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም ጎማው ካረጀ፣ ጀልባዋ ስትቆም ምንም የለም፤ ማርሽ ስታስገባ ግን ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ላይ ይተፋዋል። በዚህ የተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ። ከከፈትከው በኋላ ሁልጊዜ ክዳኑን አጥብቀህ፣ ለአፍታ ማርሽ አስገብተህ እያየህ ፈትን። ስትከፍተው ደግሞ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ኪስህ ይግባ።

ቀንም ሌትም፣ ዝናብ ኖረ አልኖረ፣ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ወደ ስተርን ግላንዱ እንሂድ። እንደ ግምቴ ያንተም ችግር እዚህ ነው። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሻፍት ከጀልባዋ የሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የነሐስ ማቀፊያ አለ። ውስጡ በቅባት የተነከረ ወፍራም ገመድ፣ ፓኪንግ የሚሉት፣ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ሻፍቱን ይከበዋል። የድሮ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ ፈተህ የምታውቅ ከሆነ ያው ነው፤ ተጭኖ ያሽጋል። ከጎኑ ደግሞ ረጅም የነሐስ ሲሊንደር፣ አናቱ ላይ እጀታ ያለው፣ በቀጭን ቱቦ ተያይዟል። እሱ የግራሶ መስጫው ነው።

እየነዳህ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ ቢጥል ችግር የለውም። ቆመህ እጀታውን አጥብቀህ ካዞርክ በኋላ ግን መቆም አለበት። ማታ ጀልባዋን ስታስር እጀታውን እስኪከብድህ ድረስ አዙር፤ በየቀኑ ልማድ አድርገው። ገና የገዙ ሰዎች የሚሸወዱበት አንድ ነገር አለ፤ እጀታው ያለምንም ክብደት ዝም ብሎ ሲዞርላቸው ደህና ነው ብለው ይተዉታል። ሲሊንደሩ ባዶ ነው! ፈተህ ውሃ የማያጥበውን የስተርን ቱቦ ግራሶ ሙላበት። ሞልተኸውም እያዞርክ ካልከበደህ ቱቦው ወልቋል፣ አለዚያም ፓኪንጉ አልቋል።

ግራሶ ሰጥተኸውም ጠብ ጠብ ካለ፣ ፓኪንጉን የሚጫነውን ክፍል፣ መጫኛውን፣ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች አጥብቅ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ። መቆለፊያ ዳዶ ካላቸው መጀመሪያ እሱን አላላ። ከዚያ በኪያቬ አንዱን አንድ ስድስተኛ ዙር፣ ሌላውንም ያንኑ ያህል። ተራ በተራ፣ እኩል። አንዱን ብቻ ካጠበቅክ መጫኛው ተንጋዶ ሻፍቱን ይፍቀዋል። ማርሹ ነጻ ሆኖ ሻፍቱን በእጅህ አዙረው፤ እምቢ ካለ አብዝተሃል። አሁን ጀልባዋ በገመድ እንደታሰረች ማርሽ አስገባና በዝቅተኛ ፍጥነት አሥር ደቂቃ ያህል አስኪደው፤ ጋዝ አትጨምር፣ ዳርቻውን ይሸረሽራል፣ የጎረቤትህንም ጀልባ ያንገጫግጫል። ሞተሩን አጥፍተህ ግላንዱን በእጅህ ጀርባ ንካው። ለብ ማለት ጥሩ ነው። እጅህን ማሳረፍ ካልቻልክ በጣም ጠብቋል፣ ትንሽ መልሰው። ሻፍቱ እየዞረ እያለ ግን ሻርፕህና እጅጌህ ተንጠልጥሎ ጎንበስ እንዳትል።

መጫኛው እስከ መጨረሻው ገብቶ ሌላ የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ፓኪንጉን መቀየር ነው። ውሃ ላይ እንዳለችም ይቻላል፤ ግን ተዘጋጅ። መጀመሪያ ግራሶውን አጥብቀህ ግፋ፤ ቱቦውን ሞልቶ ውሃውን ይይዝልሃል። ቢሆንም ትንሽ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ፓምፑ ይሥራ፣ ጨርቅም አጠገብህ ይኑር። አሮጌውን ከመንቀልህ በፊት አዲሶቹን ቆርጠህ ጨርስ። ውፍረቱን እንዲህ ታገኘዋለህ፤ የማቀፊያውን የውስጥ ስፋት ለካ፣ የሻፍቱን ውፍረት ቀንስ፣ ለሁለት አካፍል። እንደ ሻፍቱ በወፈረ ቱቦ ላይ ጠምጥመህ በካተር ሰያፍ አድርገህ ቁረጥ። አሮጌውን በመንጠቆ አንድ በአንድ አውጣ፤ ስንት ቀለበት እንደወጣ ቁጠር፣ አንዱ ከውስጥ እንዳይቀርብህ። አዲሶቹን ስታስገባ መጋጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ አዘዋውራቸው፣ አለዚያ ውሃው መንገድ ሰጠኸው ማለት ነው። ዳዶዎቹን በእጅህ ብቻ አጥብቀህ ጀምርና ከጥቂት ሰዓት ጉዞ በኋላ ትንሽ ትንሽ ጨምር።

ሻፍቱን በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህ የሚይዝበት ጎድጎድ ካለ አዲስ ፓኪንግ ብዙ አይከርምም። አዲሱ ቶሎ ቶሎ ካለቀብህም ምናልባት የሞተሩ መቀመጫ ጎማ ወርዶ ሞተርና ሻፍት አልተገናኙም፤ ያን ጊዜ መካኒክ ጥራ፣ ብር የሚያስወጣው ተገቢው ቦታ እዚያ ነው። ደግሞም ያንተ ግላንድ ግራሶ መስጫ የሌለው፣ ጥቁር ጎማ የሆነው ዓይነት ከሆነ ይሄ ሁሉ ዳዶ የማጥበቅ ነገር አይመለከትህም፣ የሚቀየረው እንዳለ ነው።

ግላንዱ ደርቆ፣ ዊድ ሃቹ ደርቆ፣ ሰማዩም ደርቆ አሁንም ወረቀቱ ከረጠበ ብቻ ነው ላሜራውን የምጠረጥረው። ብዙ ናሮውቦት ሲሠራ ታችኛው ላሜራ 10 ሚሊሜትር፣ ጎኑ 6፣ ቤቱ 4 ነው። ዝገት ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበላዋል። ስትገዛ ከውሃ አስወጥተህ የላሜራውን ውፍረት በአልትራሳውንድ አስለክተህ ከሆነ የምርመራውን ወረቀት አውጥተህ ቀጭኑን ቁጥር ፈልግ። ካላስለካህ አሁን ጊዜው ነው። ካወጣሃት አይቀር ሬንጅ ቀባት፤ በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚሠራ ነው። አኖዶቹንም፣ በጀልባዋ ብረት ፈንታ እንዲበሉ የሚለጠፉትን የብረት ቁራጮች፣ እይ፤ ለካናል ማግኒዥየም ነው፣ ዚንኩ ለባሕር ነው።

አሁን ወደ ገናው። ግላንዱ በደረቀ ማግስት አትሂድ፤ አንድ ሳምንት ያህል ፓምፑን እያጠፋህ ወረቀቱን እያየህ ክረም። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ሂድ። ካልደረቀ ማሪና፣ የጀልባ ማቆሚያ ግቢ፣ ውስጥ አስገባት፣ ወይም ለመካኒክ ተዋት። ቋሚ የጀልባ ማሰሪያ ቦታ ከሌለህ አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ መቆም እንደማይፈቀድ አትርሳ። ሦስት ሳምንት ያልፈዋል፤ ስለዚህ ካናሉን ከሚያስተዳድረው ከካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ጋር አስቀድመህ ተነጋገር፣ ወይም የክረምት ማሰሪያ ተከራይ። ክረምት ሎኮች፣ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮች፣ ለጥገና የሚዘጉበት ጊዜም ስለሆነ ማስታወቂያቸውን እይ፤ ማሪና ልሂድ ብለህ መንገድ እንዳይዘጋብህ።

ስትወጣ ዋናውን የባትሪ ማጥፊያ ታጠፋለህ አይደል? የፓምፑ ሽቦ ከማጥፊያው በኋላ ከተያያዘ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ነው የሚሄደው። ፓምፑ በራሱ ፊውዝ በኩል በቀጥታ ከባትሪው መያያዝ አለበት። ታኅሣሥ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ፀሐይ ሶላርህን እንደማትሞላልህ ደግሞ እወቅ፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይቅር። የቧንቧውን ውሃ አፍስስ፣ የሙቅ ውሃ ታንከሩንም አራግፍ፣ ቧንቧዎቹን ክፍት ተዋቸው፤ በረዶ ሲሠራ የሚፈነዳው እሱ ነው። ጋዙን ዝጋ። ገመዱን ወጥረህ አትሰር፤ የካናሉ ውሃ ከፍ ዝቅ ሲል ጀልባዋ ዳርቻው ላይ ተሰቅላ ልትጋደል ትችላለች።

ትልቅ ፓምፕ ግዛ ላለህ ጎረቤትህ ቁልፍ ስጠው። ከሞተሩ ስር ምን ማየት እንዳለበት፣ የግራሶ እጀታውንም እንዴት እንደሚያዞር ቡና ጋብዘህ አሳየው፤ በሳምንት ሁለቴ ብቅ ቢል ይበቃል። ዳዶዎቹን ከመንካትህ በፊት ግን የግላንዱን ፎቶ ከጎን አንስተህ ላክልኝ፤ መጫኛው ምን ያህል እንደገባ እንዲታይ ማስመሪያ አስጠግተህ።