ጠይቁን፦ አሮጌ የተኩስ ጌሞች በአዲስ ኮምፒውተር

ከታች ያሉትን የኮንሶል (ጌሙ ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ትእዛዞች በአማርኛ ያሰፈርናቸው እንደ አነባበባቸው ነው። ኪቦርዱ ላይ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው፤ በመሃል የምታዩት መስመርም አንደርስኮር ነው።

ጥያቄ፦ ኩዌክ 3 አሬናን ከድሮው ሲዲ አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት። ይከፈታል፤ ግን 1920 በ1080 የሚባል ምርጫ የለውም፣ ምስሉም ጨለማ ነው። ሞኒተሬ 144 ኸርዝ ስለሆነ ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) 144 ላይ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ድሮ ሳላስብ የምዘልበት ቦታ ላይ መድረስ አቃተኝ። ጌሙ ነው ወይስ እኔ አርጅቻለሁ?

መልስ፦ አላረጁም፤ 144 የሚለው ቁጥር ነው የጎተተዎት። እሱን ከማየታችን በፊት ግን የድሮውን ፕሮግራም ይተዉት። ከሲዲው የሚያስፈልግዎ ዳታው ብቻ ነው። የጌሙ ሠሪ አይዲ ሶፍትዌር የኩዌክ 3ን ኢንጂን (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ኮድ በ2005 በነፃ ፈቃድ ለቆታል፤ ከዚያ ኮድ የተሠራው አይኦኩዌክ3 ዛሬ ባሉት ዊንዶውስ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል። እሱን ይጫኑና ከሲዲው ቤዝኪው3 ፎልደር ውስጥ ፓክ0 የሚባለውን ፋይል ወደ አዲሱ ቤዝኪው3 ይገልብጡ። መጠኑ ወደ 457 ሜጋባይት ይደርሳል። በጣም ትንሽ ፋይል ካገኙ በእጅዎ ያለው የዴሞው ነው፤ በእሱ ሙሉው ጌም አይነሳም። ከፓክ1 እስከ ፓክ8 ያሉት ሲዲው ላይ የሉም፤ የመጡት ከ1.32 ፓች (ማሻሻያ) ጋር ስለሆነ ለብቻቸው ይወርዳሉ። ጌሙ ገና ሲነሳ "ፖይንት ሪሊዝ" የሚል የስህተት መልእክት ካሳየ የጎደሉት እነሱ ናቸው።

ኮንሶሉ የሚከፈተው ከኢስኬፕ ሥር ባለው ቁልፍ ነው። የኪቦርድዎ አቀማመጥ የተለየ ሆኖ ያ ቁልፍ እምቢ ካለ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። አር_ሞድ -2 ብለው ጽፈው ቪድ_ሪስታርት ካሉ ጌሙ የዴስክቶፑን ሪዞሉሽን ይይዛል። የተለየ መጠን የሚፈልግ ሰው አር_ሞድን -1 አድርጎ ስፋቱን በአር_ከስተምዊድዝ፣ ቁመቱን በአር_ከስተምሃይት ይሰጣል።

ስክሪኑ ሞላ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። የጌሙ የእይታ ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን የታሰበውም ለ4 በ3 ስክሪን ነው። በ16 በ9 ላይ ጎኑን በመጨመር ፈንታ ላዩንና ታቹን ይቆርጠዋል፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግዙፍ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ሲጂ_ፎቭን 106 ሲያደርጉት የጠፋው ይመለሳል። 16 በ10 ለሆነ ስክሪን 100፣ ለሰፊው 21 በ9 ደግሞ 121 ነው። ማዕዘኑ ከ90 ባለፈ ቁጥር ጠመንጃው ትንሽ ወደ ታች ይወርድብዎታል። ብልሽት አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ ሆን ተብሎ የተጻፈ ነው። ከታች ያሉት የጤናና የጥይት ቁጥሮች ወደ ጎን ተለጥጠው መታየታቸውም የሚጠበቅ ነው፤ ሁሉም 640 በ480 በሆነ ሰሌዳ ላይ ተስለው ነው ወደ ስክሪኑ የሚለጠጡት።

ጨለማው የሚመጣው ከጋማ፣ ማለትም ከብርሃን ቅንብሩ ነው። ጌሙ ብርሃኑን የሚጨምረው የራሱን ምስል በማድመቅ ሳይሆን የመላውን ስክሪን ጋማ በመቀየር ነው፤ የዛሬ ሲስተሞች ይህን ሁልጊዜ አይፈቅዱለትም። አንዳንዴም ይፈቅዱለትና ጌሙ መሃል ላይ ሲወድቅ ዴስክቶፑ ነጭቶ ይቀራል። አር_ኢግኖርኤችደብልዩጋማን 1 ያድርጉ፣ አር_ጋማን ከ1.2 እስከ 1.5 ባለው ውስጥ ይሞክሩ፣ ከዚያ ቪድ_ሪስታርት። ብርሃኑን አሁን ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ምስሎቹ ላይ ይጨምረዋል።

ወደ ዝላዩ እንመለስ። ኢንጂኑ ጊዜ የሚቆጥረው በሙሉ ሚሊሰከንድ ነው። ኮም_ማክስኤፍፒኤስ 144 ሲሉት 1000ን ለ144 ያካፍላል፤ 6.9 ይደርሰዋል፣ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ጥሎ 6 ይይዛል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 144 ሳይሆን 166 ፍሬም ነው። የጌሙ ስበት 800 ነው፤ ማለትም የወደ ላይ ፍጥነትዎ በሰከንድ 800 ይቀንሳል። ይህ በየፍሬሙ ተከፋፍሎ ይቀነስና ፍጥነቱ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋል። በ6 ሚሊሰከንድ መቀነስ ያለበት 4.8 ነው፤ ሲጠጋጋ 5 ይሆናል። ስበቱ 833 ሆኖ ቁጭ አለ ማለት ነው። በ125 ፍሬም ግን እያንዳንዱ ፍሬም 8 ሚሊሰከንድ ነው፤ 6.4 ወደ 6 ይወርዳል፣ ስበቱም 750 ይሆናል። ዝላይ የሚነሳበት ፍጥነት 270 ስለሆነ በ125 ወደ 48.6 ዩኒት ከፍታ ሲደርሱ በ166 ግን 43.7 ላይ ይቀራሉ። ድሮ 125 ላይ ይጫወቱ ከነበረ የጎደለዎት እነዚያ 5 ዩኒቶች ናቸው።

ለ144 ኸርዝ ሞኒተር የምንመርጠው 250ን ነው። 4 ሚሊሰከንድ ላይ 3.2 ወደ 3 ስለሚጠጋጋ ዝላዩ ከ125 ጋር እኩል ነው፣ ማውዙም ይበልጥ ይታዘዛል። 142 ሞኒተሩን ይመስላል ብለው እንዳይታለሉ፤ 7 ሚሊሰከንድ ላይ 5.6 ወደ 6 ይወጣና ስበቱ 857 ይደርሳል፣ ከ144ም የባሰ ነው። 333 ላይ ደግሞ ስበቱ 667 ስለሚሆን ሰው እንደ ላባ ይንሳፈፋል። አንዳንድ ሰርቨሮች ፒሙቭ_ፊክስድን 1 የሚያደርጉት ይህን የኮምፒውተር ልዩነት ለማጥፋት ነው፤ ያኔ እንቅስቃሴው ለሁሉም በ8 ሚሊሰከንድ ይሰላል። ብቻዎን ሲጫወቱ ራስዎ ሊከፍቱት ይችላሉ።

እነዚህን ሁሉ አውቶኤግዜክ በሚባል የሲኤፍጂ ፋይል ውስጥ አንድ በአንድ መስመር ጽፈው ያስቀምጡ። ቦታው በዊንዶውስ አፕዳታ ሥር፣ ሮሚንግ ውስጥ ያለው የኩዌክ3 ፎልደር፣ ቤዝኪው3 ነው። ኖትፓድ ከስሙ ኋላ ቲኤክስቲ የሚል ቅጥያ በድብቅ ይለጥፋል፤ "ጻፍኩት፣ አያነበውም" ከሚሉን ሰዎች የአብዛኞቹ ችግር ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የ2001ዱ ሪተርን ቱ ካስል ዎልፈንስታይን እና የ2002ቱ ሜዳል ኦፍ ኦነር አላይድ አሶልት ሲነሱ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ወዲያው ይዘጋሉ። የዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ ሞከርኩ፣ ዲጂቩዱ2ንም አስገባሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ሁለቱም የኩዌክ 3 ኢንጂን ልጆች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ሁለቱም ምስላቸውን የሚስሉት በኦፐን ጂኤል (ጌም ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ነው። ጌሙ ሲነሳ የግራፊክስ ድራይቨሩን "የምትችላቸውን የኦፐን ጂኤል ተጨማሪዎች በሙሉ ንገረኝ" ይለዋል። በዚያን ጊዜ መልሱ አጭር ስለነበር ፕሮግራመሮቹ የመደቡለት ቦታ ጥቂት ሺህ ፊደል ብቻ የሚይዝ ነው። የዛሬ ድራይቨር መቶዎችን ይዘረዝራል። ጽሑፉ ከተመደበለት ቦታ ተርፎ ጎረቤቱ ያለውን ሜሞሪ ያበላሻል፣ ጌሙም ይወድቃል። ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የድራይቨሩን መልስ አያሳጥርም። ዲጂቩዱ2 ደግሞ ለሌሎቹ የግራፊክስ መንገዶች፣ ለዳይሬክት3ዲና ለግላይድ የተሠራ ነው፤ በኦፐን ጂኤል በሚሠራ ጌም ውስጥ ቢያስገቡት ተቀምጦ ከማየት በቀር ሥራ የለውም።

መፍትሔው እዚህም ኢንጂኑን መቀየር ነው፦ ለዎልፈንስታይን አይኦአርቲሲደብልዩ፣ ለሜዳል ኦፍ ኦነር ኦፐንሞሃ። የጌሙ ዳታ ፋይሎች የራስዎ ሆነው ይቀጥላሉ። በዚያው ኢንጂን የተሠሩትን ጄዳይ አውትካስትንና ጄዳይ አካዳሚን ለሚጠይቁን ደግሞ ኦፐንጄኬ አለ።

ጥያቄ፦ አንዱ ሲዲዬ ሴትአፕ ሲደረግ "ይህ ፕሮግራም እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም" ይላል። ሌላኛው በትክክል ይጫናል፤ ሲከፈት ግን ምንም ነገር አይነሳም።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ጌም ራሱ 32 ቢት ሊሆን ይችላል፤ ጫኙ ፕሮግራም ግን 16 ቢት ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ 16 ቢት አያስነሳም። ዳታው ሲዲው ላይ ግልጽ ሆኖ ከተቀመጠ በእጅ ይገልብጡት። ታሽጎ ከሆነ ኦቲቪዲኤም የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም 16 ቢት ጫኞችን ያስነሳል።

ሁለተኛው ሲዲው ዋናው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሴፍዲስክ የሚባል ጥበቃ አለው ብለን እንገምታለን። ሴፍዲስክ የሚሠራው ሴክድራይቭ በሚባል ድራይቨር በኩል ነው። ማይክሮሶፍት ድራይቨሩ የደህንነት ቀዳዳ ስላለው በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ማሻሻያ በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ላይ አጠፋው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ጭራሽ አይሠራም። በግድ መልሰው እንዲጭኑት አንመክርም። ለአንድ ጌም ብሎ የኮምፒውተሩን በር ክፍት ማሳደር ነው። ሶርስ ፖርት (እንደ አይኦኩዌክ3 ያለ፣ ከጌሙ ኮድ የተሠራ አዲስ ኢንጂን) ያለው ጌም ከሆነ ሲዲውን አይጠይቅም፤ ከሌለው ያለ ጥበቃ የሚሸጠውን ዲጂታል ቅጂ ይግዙ።

አሮጌ ጌም ስትጭኑ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስገቡት። ሴቭና ኮንፊግ ፋይሉን የራሱ ፎልደር ውስጥ መጻፍ ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ይከለክለዋል ወይም ቨርቹዋልስቶር ወደሚባል ስውር ቦታ ያዞርበታል። በሲ ድራይቭ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር መክፈት ይበቃል።

ጥያቄ፦ አንሪል ቶርናመንት (የ1999ኙ) ላፕቶፔ ላይ አንዴ እንደ ሮኬት ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል። ለምን?

መልስ፦ የጌሙ ሰዓት የፕሮሰሰሩ ምት ነው። በ1999 ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ ነበረው፣ ፍጥነቱም አይለዋወጥም፤ ምቱን ቆጥሮ ለፍጥነቱ ማካፈል ትክክለኛ ጊዜ ይሰጥ ነበር። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ግን ባትሪ ለመቆጠብ ይቀንሳል፣ ሥራ ሲበዛበት ይጨምራል፤ ያኔ የጌሙ ስሌት ይዛባል። በታስክ ማናጀር አንድ ኮር ላይ ማሰር የድሮ ዘዴ ነው፤ ግማሹን ብቻ ይፈታል። ኦልድአንሪል የሚባለው የአድናቂዎች ቡድን ያወጣውን 469 ፓች ይጫኑ። የጊዜ አቆጣጠሩ ተስተካክሏል፣ ዘመናዊ የኦፐን ጂኤል ሬንደረርም (ምስሉን የሚስለው ክፍል) አብሮት አለ። ማዕዘኑ እዚህም ኮንሶል ላይ ፎቭ 106 በማለት ይስተካከላል።

ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካለው ዊንዶውስ አሮጌውን ጌም ለደካማው ይሰጠዋል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ድረስ ገብተው የጌሙን ኤግዜ ይጨምሩና ሃይ ፐርፎርማንስን ይምረጡ። ሜኑው ላይ ጠቋሚው አንድ ቦታ፣ ክሊኩ ሌላ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ ኤግዜው ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ የሃይ ዲፒአይ ቅንብሩን አፕሊኬሽን ላይ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ሃፍላይፍ ላይ ማውዙን ቀስ ሳደርግ እና ፈጠን ሳደርግ አንድ ዓይነት ርቀት አይዞርም።

መልስ፦ ጌሙ የማውዙን እንቅስቃሴ የሚቀበለው ከዊንዶውስ ጠቋሚ ነው፤ ጠቋሚው ላይ ያለው ማፍጠኛም አብሮ ይገባል። ኮንሶሉ ላይ ኤም_ሮውኢንፑት 1 ይበሉ። በዊንዶውስ የማውዝ ቅንብር ውስጥም "ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን" ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ።

ጥያቄ፦ ድሮ በኮሪደሩ ውስጥ ስንሮጥ የእግር ኮቴው ያስተጋባ ነበር። አሁን ድምፁ ደረቅ ነው፣ የኢኤኤክስ (የማስተጋባት ድምፅ የሚሰጠው) ምርጫውም ደብዝዟል።

መልስ፦ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ሲወጣ ጌሞች በዳይሬክትሳውንድ በኩል የድምፅ ካርዱን ሃርድዌር የሚያዙበት መንገድ ተዘጋ፣ ኢኤኤክስም አብሮ ሄደ። ዲሶአል የሚባለው በኦፐንኤኤል ሶፍት አማካይነት ያንን ሥራ በሶፍትዌር ይሠራል። ዲሳውንድና ዲሶአል-ኤኤልድራይቭ የሚባሉትን ሁለት ዲኤልኤል ፋይሎች ከጌሙ ኤግዜ አጠገብ ያስቀምጡ፤ 32 ቢቶቹን ነው የምንለው፣ ኮምፒውተሩ 64 ቢት ቢሆንም። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ኢኤኤክስን መልሰው ያብሩ።

ጥያቄ፦ ዱም ላይ ጭራቆቹ ሁሉ አጭርና ወፍራም ሆነውብኛል። ፍሬሙን ከፍ ባደርገው እንደ ኩዌክ ዝላዩ ይበላሻል?

መልስ፦ ዱም ላይ ዝላይ የለም፤ ደግነቱ ነው። የጌሙ ዓለም በሰከንድ 35 ጊዜ ብቻ ይሰላል፣ ዘመናዊ ፖርቶች መሃሉን በምስል ይሞላሉ እንጂ ስሌቱን አይነኩትም። ስለዚህ የፈለጉትን ያህል ፍሬም ይስጡት።

ውፍረቱ ከምስሉ ቅርፅ ነው። ጌሙ የተሳለው በ320 በ200 ሆኖ በ4 በ3 ስክሪን ላይ ይዘረጋ ነበር፤ ማለትም እያንዳንዱ ነጥብ ቁመቱ ከስፋቱ በ20 በመቶ ይበልጣል። ነጥቦቹን እኩል አድርጎ የሚያሳይ ፕሮግራም ጭራቁን ይጨፈልቀዋል። ዶስቦክስ የሚጠቀሙ ከሆነ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አስፔክት የሚለውን ትሩ ያድርጉት። ካልሆነ እንደ 1993ቱ እንዲሆን ለሚፈልግ ቾኮሌት ዱም፣ ቀና ብሎ ወደ ላይ ማየትና ሰፊ ስክሪን ለሚወድ ጂዚዱም አለ። ለሁለቱም ከጌሙ የሚፈለገው ዱም ወይም ዱም2 የሚል ስም ያለው የዋድ ፋይል ብቻ ነው፤ ከኤግዜው ጎን ይጣሉት።