መልስ፦ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚያስቅ ተረት

እህቴ፣ የድሮ ተረቶችን አስቂኝ አድርገው የሚተርኩ ባለሥዕል መጻሕፍት ለአምስት ዓመት ልጅሽ ጠይቀሻል። አስቀድመሽ ዋናውን የሦስቱን አሳማዎች ተረት፣ ተኩላ ቤታቸውን እፍ ብሎ የሚያፈርስባቸውን፣ በቃሉ እስኪይዘው ንገሪው፤ ዋናውን ያላወቀ ልጅ ግልባጩ አያስቀውም።

ከሁሉም የማስቀድመው በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዩጂን ትሪቪዛስን መጽሐፍ ነው። እዚህ ምስኪኖቹ ሦስት ትንንሽ ተኩላዎች ናቸው፤ ክፉው አሳማው ነው። የጡብ ቤታቸውን በመዶሻ ይንድባቸዋል፣ የኮንክሪቱንም በመሰርሰሪያ ማሽን። በመጨረሻ ከአበባ የተሠራ ቤት ይሠራሉ፤ አሳማው እፍ ሊል አየር ሲስብ የአበባው ሽታ ልቡን ያራራዋል። የሄለን ኦክሰንበሪ ሥዕሎች ደግሞ እንዴት ያምራሉ!

የጆን ሼስካ መጽሐፍ (1989 እ.ኤ.አ.) የተኩላው የራሱ ቃል ነው። ለአያቱ ኬክ ሊጋግር ስኳር ሊበደር ወደ አሳማዎቹ ሄዶ ጉንፋን አስነጥሶት ቤታቸው እንደፈረሰ ይናገራል። አሳማዎቹ ስለሚበሉበት ለሚፈራ ልጅ አንድ ዓመት ብታቆዪው ይሻላል። እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብ ማስነጠሱ ላይ ስደርስ አፌን ከፍቼ ዝም እላለሁ፤ ልጄ ከአልጋዋ ዘላ ተነሥታ «እንጥሽ!» ብላ ቤቱን ራሷ ታፈርሰዋለች።