«ጋሼ፣ ይሄ ይጣል?»

ባለፈው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አሮጌ ካርቡራተር (ለሞተር ነዳጅና አየር የሚያደባልቅ ዕቃ) ከመደርደሪያው አንስቶ «ጋሼ፣ ይሄ ይጣል?» አለኝ። ይህቺ ጥያቄ ናት ይህን ያስጻፈችኝ።

ኖርዝ ካሮላይና እንደመጣሁ የቀጠረኝ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር። በወጣትነቱ ሂልስቦሮ በሚገኘው በኦኮኒቺ የአፈር መም ላይ መኪና ተወዳድሯል። አንድ ቅዳሜ «ጋራዡን አጽዳ» ብሎኝ ወጣ። ጥግ ላይ ዝገት የበላው የፎርድ የኋላ ባሌስትራ ነበር፤ ሽብልቅ የመሰለ ብረት ተሰክቶበታል። ቆሻሻ መሰለኝ። ጭኜ ወስጄ ሸጥኩት። አሥራ አንድ ዶላር አወጣ። ብሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ምስጋና ጠበቅሁ።

ሰውዬው ተመለሰ። ጥጉን አየ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ መጥረጊያ አንስቶ እኔ የጠረግኩትን ቦታ እንደገና ጠረገ። ቃል አልወጣውም። ብሩ ሳምንት ሙሉ ሳይነካ እዚያው ተቀመጠ።

በኋላ ነው የነገረኝ። ድሮ በዚያ አገር አረቄ በድብቅ የሚያመላልሱ ሾፌሮች፣ መኪናው ጭነት ሲበዛበት እንዳይሰምጥ፣ ኩርባ ላይ እንዳይዋልል ባሌስትራውን ያጠነክሩት ነበር። ብዙዎቹ እሁድ እሁድ ይወዳደሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 1949 ሻርሎት ላይ ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ድርጅት የመጀመሪያውን የመደበኛ መኪኖች ውድድር ሲያደርግ፣ ግሌን ደናዌይ በፎርድ 200 ዙር ጨርሶ አንደኛ ገባ። ከሥር ሲፈተሽ ግን ባሌስትራው ተነካክቷል፤ ይህ ክልክል ነበር። ድሉ ሊንከን ይነዳ ለነበረው ለካንሳሱ ጂም ሮፐር ተሰጠ። እኔ የሸጥኩትም ያው ብልሃት ነበር፤ ሰውዬው በልጅነት እጁ የሠራው። ክው አልኩ። ሰኞ ጠዋት ወደ ገዢው ሮጥኩ። ብረቱ ተጨፍልቆ ነበር።

ያ ዘመን ግን ጥሩ ብቻ አልነበረም። ጥቁሩ የናስካር ተወዳዳሪ ዌንደል ስኮት በ1963 ጃክሰንቪል ላይ አሸንፎ ድሉ መጀመሪያ ለነጭ ተወዳዳሪ ተሰጠ። ከሰዓታት በኋላ ታረመ። በ1990 ሲሞት እውነተኛውን ዋንጫ አላየም። ቤተሰቡ የተረከበው በ2021 ነው። ይህን ሳስብ «ድሮ ቀረ» ማለት ይከብደኛል። ቢሆንም እላለሁ።

እናንተ ወጣቶች፣ ተማሩ፣ ቆጥቡ የሚላችሁ ሞልቷል፤ እኔ አልደግመውም። እናንተ ኮምፒውተር ሰክታችሁ ብልሽቱን ታነባላችሁ፤ ጎበዞች ናችሁ። ሞተር ሲናገር ግን አትሰሙም፤ ጆሯችሁ ሁሌ ማዳመጫ ተሰክቶበታል። ናስካር ራሱ በ2012 ዋናው ውድድር ላይ ካርቡራተርን ትቷል፤ ስለዚህ ልጁ መጠየቁ ልክ ነው። መጠየቁ ነው ደስ ያለኝ። እኔ አልጠየቅኩም።

ኦኮኒቺ በ1968 ተዘግቶ ዛሬ የእግር መንገድ ነው። መሙ ዳር ዛፍ በቅሎበታል። እሁድ ልጁን ይዤው እሄዳለሁ። ካርቡራተሩን ወደ መደርደሪያው መልሶታል።