ስልኬ ዌብካም አልሆን አለኝ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፕና ስልክ መጠገን የዕለት ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ስልኬን የኮምፒውተር ካሜራ ላደርገው ፈልጌ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አምጡ ብያለሁ፤ አንድ በአንድ እንየው። በአሮጌ ላፕቶፕ ካሜራ ፊታችሁ ጭጋግ ውስጥ ያለ ሲመስል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ከበቂ በላይ ጥራት አለው። ለሌላ ካሜራ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን መሞከር ያዋጣል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ምስሉ በሦስት እጅ ነው የሚያልፈው። መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ይቀበለዋል። ከዚያ በኬብል ወይም በዋይፋይ ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለው ፕሮግራም ይሄዳል። በመጨረሻ የቪዲዮ ስብሰባ የምታደርጉበት ዙም ወይም ጎግል ሚት ይወስደዋል። የቱ ጋ እንደተቆረጠ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። አብዛኛው ሰው የሚደክመው ደህና የሆነውን ክፍል ሲነካካ ነው።

ጥያቄ፦ ስልክን ካሜራ የሚያደርገውን ድሮይድካም የሚባል አፕ ስልኬም ላፕቶፔም ላይ ጫንኩ። ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው። የስልኩን የአይፒ ቁጥርም (የኔትዎርክ አድራሻውን) አስገብቻለሁ። ግን አይገናኝም።

መልስ፦ ላፕቶፕህ ላይ ክሮም ክፈትና ስልኩ ላይ የሚታየውን አድራሻ እንዳለ ጻፈው። አብዛኛውን ጊዜ 192.168 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ነው፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብና 4747 አለበት። ምስሉ ብሮውዘሩ ላይ ከመጣ ኔትዎርኩ ሰላም ነው፤ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም ጋ ነው። ወደ ፕሮግራሙ ስትመለስ ግን የብሮውዘሩን ገጽ ዝጋው። አፑ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ ስለሚልክ ሁለተኛውን አይቀበልም።

ብሮውዘሩም ካልከፈተው ቪፒኤን (ኢንተርኔትህን በሌላ ሰርቨር አዙሮ የሚወስድ አፕ) እንዳለ ተመልከት። ስልኩም ላይ ላፕቶፑም ላይ አጥፋውና ድገም። ቪፒኤን ከሌለ ደግሞ ራውተሩ ሁለቱን እንዳይተያዩ ከልክሏቸው ይሆናል። ካፌና ሆቴል ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። ለእንግዳ ተብሎ የተከፈተ ዋይፋይም እንደዚሁ ነው፤ ኢንተርኔት ይሰጥሃል እንጂ ከጎንህ ካለው መሣሪያ ጋር አያገናኝህም። መፍትሔው የስልኩን ሆትስፖት ከፍተህ ላፕቶፑን በእሱ ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ የአይፒ ቁጥሩ ስለሚቀየር አዲሱን አስገባ።

ጥያቄ፦ ሆትስፖት ከከፈትኩማ ጥቅሌ በአንድ ስብሰባ አያልቅም?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከስልክሽ ወደ ላፕቶፕሽ የሚሄደው ምስል ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል እንደመሄድ ነው፤ ከጥቅልሽ አይቆረጥም። የሚቆረጠው ዙም ወደ ውጭ የሚልከውና የሚቀበለው ነው። እሱ ደግሞ በየትኛውም ካሜራ ብትጠቀሚ ያው ነው። ይልቅ ዊንዶውስ አፕዴት ከኋላ ሆኖ ጥቅልሽን እንዳይጨርስ፣ የሆትስፖቱን ኮኔክሽን ዊንዶውስ ላይ «ሚተርድ» (ዳታ ቆጣቢ) አድርጊው።

ጥያቄ፦ በኬብል ስሰካው ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭራሽ አያየውም።

መልስ፦ ኬብሉን ቀይር። በእውነት ይህ መልስ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ሰው ረድቷል። ተራው የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ዳታ። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ላይ የዳታዎቹ ሁለት ሽቦዎች ጭራሽ የሉም። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሦስት ኬብል ይዞ መጣ። ሦስቱም ቻርጅ ያደርጋሉ፤ ፎቶ የሚያስተላልፍ ግን አንዱ ብቻ ሆነ። መሞከሪያው ይኸው ነው፦ አንድ ፎቶ ከስልክህ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጥ። ካልተገለበጠ ካሜራም አይሠራም። ግን ስልኩ ላይ ከሚመጣው ማስታወቂያ «ቻርጅ ብቻ» የሚለውን ትተህ ፋይል ማስተላለፊያውን መምረጥህን አትርሳ።

ፎቶው ተገልብጦ ካሜራው ግን ከቀረ፣ ዩኤስቢ ዲበጊንግን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በኬብል ስልኩን እንዲያዘው የሚፈቅደውን ሴቲንግ፣ ማብራት አለብህ። ሴቲንግ ውስጥ «አባውት ፎን» ግባና ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንካው። የሻኦሚ ስልክ ከሆነ የሚነካው የሚዩአይ ቨርዥኑ ነው፤ አዲሶቹ ላይ ደግሞ የኦኤስ ቨርዥኑ። ከዚያ ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ የሚባል ክፍል ይመጣል፤ ዲበጊንጉን እዚያ ታበራዋለህ። ኬብሉን ስትሰካ ስልኩ «ይህን ኮምፒውተር ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቅሃል። ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ ከሆነ ጥያቄው ሳይታይ ይቀራል፤ ስለዚህ ስልኩን ከፍተህ ስካው።

ሥራህን ስትጨርስ ዲበጊንጉን አጥፋው። ለደኅንነትህም ይበጃል፤ አንዳንድ የባንክ አፖችም እሱ በርቶ እያለ አልከፍትም ይላሉ።

ጥያቄ፦ ፕሮግራሙ ላይ ምስሌ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ዙም ላይ ግን ጥቁር ነው።

መልስ፦ እንግዲህ ስልኩንም ኬብሉንም ተያቸው፤ ሥራቸውን ሠርተዋል። ዙም ውስጥ ቪዲዮ ከሚለው ጎን ያለችውን ቀስት ተጫኝና ካሜራውን በስሙ ምረጪ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዙምን ሙሉ በሙሉ ዝጊና እንደገና ክፈቺ። ስሙ ኖሮ ጥቁር ከሆነ ካሜራውን የያዘ ሌላ ፕሮግራም ይኖራል። ከኋላ የተረሳ ማይክሮሶፍት ቲምስ ወይም የተከፈተ ሚት ካለ ዝጊው። አሁንም እምቢ ካለ የዊንዶውስን ፈቃድ እዪ። ፕራይቬሲ ውስጥ ካሜራ የሚለው ጋ ገብተሽ፣ ከታች ዴስክቶፕ አፖችን የሚፈቅደውን አብሪው። ከላይ ያለውን ብቻ አብርቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ በዙም ለሕፃናት ፊደል አስተምራለሁ። «ለ»ን ጽፌ ሳሳያቸው ስክሪኑ ላይ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። ልጆቹን እንዳላሳስታቸው ፈራሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ አይስጉ። የተገለበጠው ለእርስዎ ብቻ ነው። ዙም የራስዎን ምስል እንደ መስታወት አድርጎ ያሳይዎታል፤ ልጆቹ የሚያዩት ቀናውን ነው። እርስዎንም እንዳያደናግርዎት ከዙም የቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ሚረር የሚለውን ያጥፉት። እንደዚያም አድርገው ልጆቹ በግልባጩ ካዩት፣ ስልኩ ላይ ያለው አፕ ራሱ ገልብጦት ነውና እዚያ ያለውን የመስታወት ምልክት ይንኩ።

አንድ ልጨምርልዎ። ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ቁልቁል አድርገው ቢያቆሙት ልጆቹ እጅዎ ፊደሉን ሲጽፍ ያያሉ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚጨርስ ማየት ለእነሱ ከፊትዎ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ስልኩም አለው። ካሜራው ግን ወዲያው ይቆማል። ለምን?

መልስ፦ ራውተሩ ስለጠፋ ነው። በዋይፋይ ስትጠቀም ምስሉ በራውተሩ በኩል ነው የሚዞረው። በኬብል ቢሆን ምስሉ አይቋረጥም። ከዚያ ኢንተርኔቱን ከስልኩ በዩኤስቢ ቴተሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል በማጋራት) ብትሰጠው ስብሰባው በዚያው ኬብል ይቀጥላል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ኬብልን የዘወትር አድርጉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ደህና ይሠራ የነበረው አፕ እዚህ መጥቼ ማታ ማታ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይሄድበታል። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ስልክህ ደህና ነው። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ 60። አምፖል በሰከንድ የዚህን እጥፍ ይርገበገባል፤ አዲስ አበባ 100 ጊዜ፣ አንተ ጋ 120 ጊዜ። ዓይናችን አይለየውም፤ ካሜራ ግን ይለየዋል። አፑ ወይም የዊንዶውስ ካሜራ ሴቲንግ ላይ የፍሊከር (የመርገብገብ) ምርጫ ካለ ከ50 ወደ 60 ቀይረው። ቀን ቀን የማይታይህም በመስኮት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ስለማይርገበገብ ነው። ምርጫው ከሌለ የጠረጴዛህን አምፖል ለውጠህ ሞክር፤ ርካሽ ኤልኢዲ ላይ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ስልኬ እንደ ምጣድ ይግላል። ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል።

መልስ፦ የተለመደው የላፕቶፕ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ብቻ ነው። ካሜራው፣ ስክሪኑና ዋይፋዩ አብረው ሲሠሩ ከዚያ በላይ ይበላሉ። ሽፋኑን አውልቂለት። ጥራቱን ከ1080 ወደ 720 አውርጂው፤ በስብሰባ ላይ ልዩነቱን የሚያስተውል የለም። የስክሪኑን ብርሃንም ቀንሺ። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ግን አታስቀምጪው።

ጥያቄ፦ አይፎን ነው ያለኝ።

መልስ፦ ኮምፒውተርህ ማክ ከሆነ ምንም አፕ አያስፈልግህም። አይፎን ኤክስአር ወይም ከእሱ በኋላ የወጣ፣ አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ ወዲህ፤ ማኩ ደግሞ ቬንቹራ ወይም ከዚያ ወዲህ ይሁን። ሁለቱም ላይ አንድ አፕል አይዲ (አሁን አፕል አካውንት የሚባለው)፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይብሩ። ከዚያ ዙም ላይ አይፎኑን እንደ ካሜራ ትመርጠዋለህ። ዊንዶውስ ከሆነ እንደ ካሞ ወይም አይሪዩን ያለ አፕ ትጭናለህ፤ በኬብል ለመጠቀም ደግሞ አይቲዩንስ ኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፤ ኮምፒውተሩን ከአይፎኑ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር አብሮት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ድምፄ ቀድሞ አፌ በኋላ ይንቀሳቀሳል።

መልስ፦ ዋይፋዩን ትተሽ ኬብል ተጠቀሚ፤ ቢያንስ ራውተሩ ካለው 5 ጊጋኸርዙን ምረጪ። ለድምፅ ግን የስልኩን ማይክ ተይው። ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ተራ ኢርፎን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ዛሬ ማታ ጓደኛሽን በዙም ጥሪና 10 ደቂቃ አውሩ። የማይሠራ ነገር ካለ ዛሬ ይውጣ። በኬብል አድርጊው፤ ኢንተርኔትሽ ከስልኩ ካልሆነ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አኑሪው። ያኔ መሀል ላይ የሚደውል ሰው ካሜራውን አያቋርጥብሽም። የኋላውን ካሜራ ተጠቀሚ፣ ስልኩን አግድም አቁሚው። ማቆሚያ ከሌለሽ አንድ ኪሎ የምስር ከረጢት መጻሕፍት ላይ አድርጊና እንደ ትራስ ስልኩን አስደግፊበት፤ አይንሸራተትም። ቁመቱ ከዓይንሽ እኩል ይሁን። መስኮቱ ከፊትሽ እንጂ ከጀርባሽ አይሁን።

ጠዋት መጀመሪያ የካሜራውን ፕሮግራም ክፈቺ፣ ምስልሽን እዪ፣ ከዚያ ዙምን። እምቢ ካለ ወደ ላፕቶፑ ካሜራ ቀይረሽ ግቢ፤ ጠያቂዎችሽን አታስጠብቂ። መልካም ዕድል፤ ስትጨርሺ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።