ንጉሡ ምን ላይ ነበር የሚተኛው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፓሪስ ነው። ባለፈው ዓመት ሻምቦር የሚባለውን ቤተ መንግሥት ሄጄ አየሁ። ከውጭ ሲያዩት አፍ ያስከፍታል። ውስጡ ግን ብዙው ክፍል ባዶ ነው። ንጉሡ ምን ላይ ነበር የሚተኛው? አሁን እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። አልጋና ወንበሩ ያለበት፣ ሰው የኖረበት የሚመስል ቤተ መንግሥት ላሳያት እፈልጋለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ ደረጃ አትችልም። የት ልውሰዳት?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ሻምቦር መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቅር ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ግንባታውን ያስጀመረው በ1519 እ.ኤ.አ. ነው። ከ400 በላይ ክፍል አለው። ንጉሡ ግን በ32 ዓመት ንግሥናው እዚያ የቆየው 72 ቀን ያህል ብቻ ነው። ለአደን ይመጣል፣ ይሄዳል። አልጋው፣ መጋረጃው፣ ሳህኑ ሁሉ ተጭኖ አብሮት ይመጣል፤ ተጭኖ አብሮት ይሄዳል። በፈረንሳይኛ የቤት ዕቃ «ሜብል» ይባላል፤ ቃሉ ራሱ ተንቀሳቃሽ ማለት ነው። በዚያው ዘመን አፄ ልብነ ድንግልም የሚኖሩት ከቦታ ቦታ በሚነሳ የድንኳን ከተማ ነበር። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ከነገሥታቱ በኋላ የተረፈው ዕቃ ደግሞ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ተሸጠ።

እናትሽን ሸኖንሶ ውሰጃቸው። ሸር የሚባል ወንዝ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቤት ነው። አልጋውና ወንበሩ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እዚያው የቆመ እንዳይመስላችሁ፤ ብዙው በኋላ ተፈልጎ የገባ ነው። ቢሆንም ቤቱ ቤት ቤት ይላል። በየክፍሉ ከራሱ አትክልት ቦታ የተቆረጠ ትኩስ አበባ ይቀመጣል። እናቴን ከሁሉ በፊት ያስደሰታት እሱ ነው።

ለጉልበታቸው አትስጊ። የንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ ውሽማ የነበረችው የዲያን ደ ፑዋቲዬ መኝታ ክፍል፣ የሚስቱ የንግሥት ካትሪን ደ ሜዲቺ አረንጓዴ የሥራ ክፍልና በወንዙ ላይ የሚያልፈው ረጅሙ አዳራሽ ምድር ቤት ናቸው። አዳራሹ 60 ሜትር ነው። ዛሬ ባዶውን ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን የቁስለኛ አልጋ የተደረደረበት ሆስፒታል ነበር። ወጪውን የቻለው የቤቱ ባለቤት የነበረው የቸኮሌት ነጋዴው የሜንዬ ቤተሰብ ነው። ወጥ ቤቱ ከታች፣ ድልድዩን በተሸከመው የድንጋይ እግር ውስጥ ነው። የመዳብ ድስቱና የዳቦ ምድጃው ያምራል። መውረጃ ደረጃ ስላለው ግን እዚያው ስትደርሱ ወስኑ።

አንድ ክፍል ላይ ግን ልለምንሽ ነው። የንግሥት ሉዊዝ ደ ሎሬን ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው እንደ ሌሎቹ ቤተ መንግሥቶች ጠመዝማዛ ሳይሆን ቀጥ ያለ ነው። እያረፋችሁ ውጡ። ባሏ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ በ1589 በአንድ መነኩሴ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። መርዶውን የሰማችው እዚያው ሸኖንሶ ሆና ነው። በፈረንሳይ ንግሥት ሐዘን ስትቀመጥ የምትለብሰው ነጭ ነበር። ነጩን ለበሰች፤ ክፍሏን ግን ከል አለበሰችው። ግድግዳው ጥቁር ነው። በላዩ የብር ቀለም ያለው እንባ፣ የመቃብር ቆፋሪ አካፋና የባል ሐዘን ምልክት የሆነው የመበለት ገመድ ተስሎበታል። የእሷና የእሱ ስም መጀመሪያ ፊደላት እርስ በርስ ተጠላልፈዋል። ጣሪያው የጥንቱ ነው፤ ሌላው የተመለሰው በእሱ መነሻነት ነው። ብዙ ጎብኚ በር ላይ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እባክሽ እናንተ ቁሙ። እናቴ እዚያ ቆማ ቆማ «ልጅ አልነበራትም?» አለችኝ። አልነበራትም አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ አልተናገረችም።

በባቡር ሂዱ። ከፓሪስ ተነስታችሁ ቱር ከተማ አጠገብ እስካለው ሴን ፒየር ዴ ኮር ጣቢያ ድረስ በፈጣኑ፣ ከዚያ በአካባቢው ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የሸኖንሶ ጣቢያ ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልጋችሁም። የመመለሻውን ሰዓት ግን አስቀድመሽ እዪ፤ ባቡሩ ብዙ አይመላለስም። ነጠላቸውንም ይያዙ፣ አዳራሹ ውስጥ የወንዙ ንፋስ ይገባል።