የጤና በጀቱ የት ነው የሚቀረው? ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። አሥራ አንድ ዓመት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ጤና መኮንን ነበርኩ፣ ኋላ ዕቅድና በጀት ላይ አስቀመጡኝ። ሰሞኑን «የጤና ልዩነቱ የመጣው ከገንዘብ ማነስ ነው ወይስ ከአከፋፈሉ?» የሚል ክርክር ተነስቶ ጥያቄዎች ላካችሁልኝ። የምችለውን ልመልስ። የወረዳውን ስም ብቻ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እውነት ክልል ከክልል ይህን ያህል ይለያያል? ወይስ የፖለቲከኞች ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እዩት። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125 ነበሩ። ጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች አዲስ አበባ 97 በመቶ፣ አፋር 15 በመቶ። ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው አነስተኛ ጥናት ጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች አገር አቀፍ ቁጥር ከ26 ወደ 48 በመቶ ዘለለ፤ ደስ ይላል፤ ሶማሌ ክልል ግን ገና 23 ላይ ነበር።

ግን «የእኛ ክልል ተበደለ» ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው የ2008 ጥናት ጤና ተቋም የወለዱት ከተማ ውስጥ 79 በመቶ፣ ገጠር 20 በመቶ ነበሩ። ማለትም የክልል ዋና ከተማ ላይ ሆኖ ስለ ክልሉ በደል የሚጮኸው ሰው፣ ከራሱ ክልል ገጠር ይልቅ ኑሮው ለአዲስ አበባ ይቀርባል። ይሄን ሲነግሩት ደግሞ አይወድም።

ጥያቄ፦ ታዳጊ ክልሎች እኮ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከሌላው የተሻለ ድጎማ ያገኛሉ። ገንዘቡን የት አደረሱት?

ልክ ነህ ወንድሜ፣ በነፍስ ወከፍ የተሻለ ያገኛሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር የሕዝብ ብዛትን ብቻ አያይም፤ የወጪ ፍላጎትንና ገቢ የመሰብሰብ አቅምንም ያያል። ችግሩ ሕክምና በነፍስ ወከፍ ብቻ አይሰላም፤ በኪሎ ሜትርም ይሰላል። ጤና ኬላ የሚሠራው በግምት ለ5,000 ሰው ነው። ደጋ ላይ 5,000 ሰው ማለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእግሯ የምታዳርሰው ነው። አርብቶ አደር አካባቢ ያው 5,000 ሰው የት እንዳለ መጀመሪያ መፈለግ አለብህ። ዝናብ ሲጠፋ ሰው ከብቱን ይዞ ይሄዳል፤ ጤና ኬላው ብቻውን ይቀራል። ክትባት የሚይዘው ሳጥን በረዶው ቀልጦ ይመለሳል።

ሠራተኛዋም አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከዚያው ቀበሌ የወጣች፣ 10ኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ነበር የሚፈልገው። 10ኛ ክፍል የሚያደርስ ትምህርት ቤት በሌለበት ከየት ትምጣ? መስፈርቱን ዝቅ አድርገው፣ ወንዶችም ጨምረው ነው የጀመሩት።

ጥያቄ፦ ወረዳ ላይ ገንዘቡ በትክክል ምን ላይ ይውላል?

ደመወዝ። ይኸው ነው መልሱ። ከክልል የሚመጣው ድጎማ ለሴክተሮች ይከፋፈላል፣ ጤና ድርሻውን ያገኛል፣ ከዚያ ላይ ደመወዝ ሲነሳ የምትቀረው ሥራ ማስኬጃ ናት። ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ ጽዳት፣ ጥገና ሁሉም ከእሷ። እኛ ጋ ሚያዝያ ላይ ትሟጠጥ ነበር። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚታደሰው።

አንድ ሰኔ የማልረሳው አለ። አምቡላንሱ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ ሞተሩ ደህና፣ ሾፌሩ አለ፣ የነዳጅ ኩፖን የለም። ምጥ የያዛት ልጅ በቃሬዛ መጣች፤ ስምንት ወንዶች እየተቀያየሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ በጭቃ። ሪፈር ተጻፈላት። ከዚያ እኛ የቢሮ ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ብር አዋጥተን ነዳጅ ቀዳን። እሷም ልጇም ተርፈዋል። የዚያን ዓመት ሪፖርታችን ላይ ግን «አምቡላንስ ያላቸው ወረዳዎች» የሚለው ሣጥን ውስጥ አለ ብለን ነው የሞላነው።

ጥያቄ፦ ወሊድ ነፃ ነው ይላሉ፤ እህቴ ስትወልድ ግን ጓንት ግዙ፣ ግሉኮስ ግዙ ተባልን። ማነው የሚዋሸው?

እህቴ፣ ማንም አልዋሸም፤ ማንም ደግሞ አልከፈለም። ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ በሕግ ነፃ ናቸው። ግን ጓንቱ ነፃ ተሠርቶ አይመጣም። ጤና ጣቢያው ይገዛዋል፤ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ገቢው፣ ማለትም ከሌላው ታማሚ ካርድና መድኃኒት ከሰበሰበው። ለነፃው አገልግሎት ወጪውን የሚተካለት አካል ካልመጣ፣ ብዙ ባዋለደ ቁጥር ይከስራል። ድሃ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ደግሞ የውስጥ ገቢው ራሱ ምንም ነው። ከተማ ያለው ጓንት አያጣም፣ ገጠር ያለው ያጣል።

ጥያቄ፦ የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ይሄን አይፈታም? እኛ ሰፈር ደብተሩን ያላወጣ የለም።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር እኔም ተጠራጣሪ ነበርኩ። ተሳስቻለሁ። ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ መታከም ችሏል። ግን ሙከራው የተጀመረው አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ላይ ነው፤ አርብቶ አደሩ በኋላ ነው የመጣው፣ እዚያም መዋጮ መሰብሰቡ ከባድ ነው። ሌላው፣ ደብተር መያዝና መድኃኒት ማግኘት ይለያያሉ። «መድኃኒቱ የለም፣ ውጪ ግዙ» ከተባልክ ደብተሩ ምን ያደርግልሃል? በሁለተኛው ዓመት አላድስም የሚሉት እነዚህ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። 3 በመቶ ከደመወዜ ይቆረጣል የተባለው እንዴት ሆነ?

የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ፣ ቁጥር 690/2002 ነው። 3 አንተ፣ 3 አሠሪህ። ለዓመታት «ዘንድሮ ይጀመራል» እየተባለ ሲገፋ ኖረ። ሠራተኛው የተቃወመው መድኅን ጠልቶ አይመስለኝም። ያው ሆስፒታል፣ ያው ወረፋ፣ ያው «ውጪ ግዙ» ከሆነ ለምን ልክፈል ነው ያለው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ እርዳታ ስታቆም ምን ያህል ጎዳን?

እጅግ። የ2009 የጤና ወጪ ስሌት ላይ ለጋሾች 35 በመቶ፣ መንግሥት 32፣ ሕዝቡ ከኪሱ 31 ነበር። ሲሶ ሲሶ በሉት። ጥር 2017 ላይ ገንዘቡ ሲቆም በዚያ በጀት የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። መንግሥታችን ሚያዝያ 1993 አቡጃ ላይ ከሌሎች የአፍሪካ መሪዎች ጋር ከበጀቴ 15 በመቶ ለጤና እመድባለሁ ብሎ ነበር። እዚያ ሳንደርስ የሰው ገንዘብ ለመድን። ሲሄድ ደነገጥን።

ጥያቄ፦ ጦርነቱስ? እሱን ዝም አልክ።

ዝም አላልኩም፣ ተራው ደረሰ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እስከ የካቲት 2013 ድረስ ትግራይ ውስጥ 106 ተቋማት አይተው 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ በደንብ የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው አገኟቸው። ከጦርነቱ በፊት ትግራይ በጤና ኤክስቴንሽን ለሌላው ምሳሌ ነበረች። አማራና አፋርም ብዙ ወድሟል። የአልትራሳውንድ ገመድ ተቆርጦ የተወሰደበት ክፍል ገብቼ አውቃለሁ፤ ገመዱ ለምን እንደሚጠቅማቸው እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከዋሺንግተን ነው። ለትውልድ ቀያችን ሆስፒታል ማሽን ለመላክ ገንዘብ አሰባስበናል። ምን ትላለህ?

እግዜር ይስጥልን። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉ። መብራት በቀን ስንት ሰዓት አለ? የሚያስተካክለው ባለሙያ አለ? ኬሚካሉ አገር ውስጥ ይገኛል? ላስቲኩ ሳይወልቅ መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት የቆየ የላቦራቶሪ ማሽን አውቃለሁ፤ ላዩ ላይ የስጦታው ወረቀት ከነፎቶው ተለጥፏል። ከዚያ ይልቅ የእናቶች ማቆያ ላይ አውሉት። ምጥ ሳይመጣ ቀደም ብላ መጥታ የምትተኛበት ክፍል፣ ፍራሽ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቡና። ለፎቶ አይመችም፤ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፖለቲከኞቹ ለምን ሁልጊዜ ሆስፒታል እንገነባለን ይላሉ?

ሪባን የሚቆረጠው ለሕንፃ ስለሆነ። ለነዳጅ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። ሕዝቡም ሆስፒታል ነው የሚጠይቀው፣ እውነቱን እንነጋገር። ከዚያ ሕንፃው ያልቃል፣ ሐኪም ይመደባል፣ ሐኪሙ ስድስት ወር ሠርቶ ይለቃል። ግንቦት 2017 ላይ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት እኮ በደመወዝ ነው።

ጥያቄ፦ የወረዳ ምክር ቤት አባል ነኝ። በጀት ልናጸድቅ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ጠቅላላ የጤና በጀቱን ሲነግሩህ አትቀበል። ደመወዝ ሲነሳለት ስንት ይቀራል በል። ቀጥለህ አምቡላንሱ ባለፈው ዓመት በነዳጅ እጦት ስንት ቀን ቆመ ብለህ ጠይቅ። ቁጥሩን «አልያዝነውም» ይሉሃል። ሾፌሩን ጥራው፤ እሱ ያውቀዋል።